ንፋስ በኪሎ ስንመዝን

ባለፈው ሳምንት ጠዋት የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ዳገቱ ላይ አፈላ። ሹፌሩ የጋቢናውን ወንበር ገልበጥ ሲያደርገው እንፋሎቱ ቡልቅ አለና ያ የዛገ ውሃና የጋለ መዳብ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ተሳፋሪው ይነጫነጫል፣ ረዳቱ ውሃ ፍለጋ ይሮጣል። እኔ ወርጄ ከመኪናው ፊት ቁጢጥ አልኩና እጄን ሰድጄ ራዲያተሩ ፊት የተወተፈ የፓስታ ካርቶን ጎትቼ አወጣሁ። እኛ አገር ሹፌር በብርድ ጠዋት ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅለት ራዲያተሩን በካርቶን ይጋርደዋል፤ ፀሐይ ስትወጣ ማንሳቱን ከረሳ ደግሞ እንዲህ ያፈላዋል። "ውይ እናቴ፣ ረሳሁት!" አለ ሹፌሩ። ካርቶኑን እንደያዝኩ መሳቅ ጀመርኩ፤ ሳቄ አልቆም አለ፤ ከዚያ እንባዬ መጣ። ረዳቱ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ "ደህና ነሽ ማዘር?" አለኝ።

"ደህና ነኝ፣ አንድ ሰው ትዝ ብሎኝ ነው" አልኩት። ለእሱ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ያኔ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቡራዩ፣ የአምቦ መንገድ ዳር፣ ከአባቴ የወረስኩት የራዲያተር ብየዳ ሱቅ ነበረኝ። ሴት ስለሆንኩ ሹፌሩ ሁሉ አንገቱን አስግጎ "ሠሪው የለም?" ይላል። "ሠሪዋ እኔ ነኝ፤ አውርደው" እላለሁ። አንዳንዱ ትቶኝ ይሄድና በማግስቱ እያንጠባጠበ ይመለሳል። እኔም እንዲሁ አላልፈውም፤ "ሠሪው ወጣ ብሏል፣ ጠብቀው" ብዬ ፀሐይ ላይ አቆመው ነበር። እጄም ምላሴም ስል ነበር፣ ምን ልዋሻችሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ትንሽ ራዲያተር እንደ ሕፃን አቅፈው መጡ። ሰበታ የፊዚክስ መምህር ናቸው፤ የኮታቸው እጅጌ ጠመኔ በጠመኔ ነው።

"ይህን አቅልለሽ ትሠሪልኛለሽ?" አሉኝ።

"የምን መኪና ነው?"

"መኪና አይደለም።"

"የውሃ ፓምፕ?"

ግራ ቀኙን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የሚበር ነው።"

"እግዜር ይማርዎት ጋሼ" ብዬ ወደ ሥራዬ ዞርኩ። እሳቸው ግን አልተቀየሙኝም። በርጩማ ስበው ተቀመጡ፤ በርጩማው ሲያቃስት እኔም እሳቸውም ያልሰማን መሰልን። ይህችን "ያልሰማን መሰልን" ያዙልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሷ ነው።

መምህሩ ትልቅ ሰው ነበሩ። ትልቅ ስል በማዕረግ ብቻ አይደለም። ጋቢና ከገቡ ረዳቱ ሌላ ሰው አይጨምርም። ክፍል ውስጥ ሲራመዱ የፊት ወንበር ደብተር ይነቃነቃል ይባል ነበር። ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ይህን የማያውቅ የለም፤ አፉን ከፍቶ የተናገረም የለም። እንዴት ተብሎ! የተከበሩ አስተማሪ፣ ለሰው ሁሉ ደግ፣ ማን አፍ አውጥቶ "ጋሼ፣ ከበዱ" ይላል?

ያን ቀን እስኪመሽ አስረዱኝ፣ እኔም ተሸነፍኩ። አውሮፕላኑ ሰበታ ተፀነሰ፣ ቡራዩ ከሱቄ ጓሮ ተወለደ፣ ክርስትና የተነሳው ሱሉልታ ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ ነገር ነው። አጥንቱ የብረት ቱቦ፣ ክንፉ ቀለም የጠጣ አቡጀዲ፣ ሞተሩ ከተጋጨች ትንሽ መኪና የወጣ። ፊቱ ላይ የሚሽከረከረውን እንጨት የጠረበልን ጎረቤቴ ሳጥን ሠሪው ነው። አዎ፣ የሬሳ ሳጥን። "በዚህ ባይሳካ በዚያ ደንበኞቼ ናችሁ" እያለ ይስቅብናል። ፈቃድ? ስለ ፈቃድ አትጠይቁኝ። ለጠየቀን ሁሉ "የእህል ማናፈሻ ነው" እንል ነበር።

መምህሩ ሌላ ምኞት አልነበራቸውም። "ሩቅ መሄድ አልፈልግም" ይሉኝ ነበር። "አንዴ ብቻ፣ አንድ ክንድ ያህል፣ እግሬ ከመሬት ይነሳልኝ። ንፋስ እንዴት እንደሚያነሳ ሠላሳ ዓመት ለልጆች በጠመኔ ነግሬያለሁ፤ እኔን ግን አንስቶኝ አያውቅም።" ይህን ሲሉ ዓይናቸው የልጅ ዓይን ይሆናል።

ሜዳውን የሰጡን ሱሉልታ ያሉ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ ኦቦ እላቸው ነበር። ድርቆሹ ከታጨደ በኋላ ሜዳቸው እንደ ጠረጴዛ ለጥ ይላል። ግን መጋዘን ለሚሠራ ሰው ለቀውታል፤ ከገና ማግስት ጀምሮ በግንብ ሊከበብ ነው። "እስከ ገና ተጫወቱበት" አሉን። ሁለት ወር ቀርቶናል።

ጭቅጭቁ የተነሳው ራዲያተሩ የት ይቀመጥ በሚለው ነው። እኔ መቼም ራዲያተር ሠሪ ነኝ፤ ራዲያተር ቦታው ፊት ነው፣ ንፋስ እንዲመታው። በዓለም ያለ መኪና ሁሉ ምስክሬ ነው። ስለዚህ ግንባሩ ላይ ገተርኩት። የመጀመሪያው ቀን መምህሩ ገብተው ነዳጅ ሰጡ፤ አውሮፕላኑ ሜዳውን እስከ ዳር ሮጠ፣ ሮጠ፣ ቆመ። ልክ እንደ ባጃጅ። ሜዳው ዳር የምትግጠው የኦቦ ላም እንኳ ቀና ብላ አላየችውም።

"ራዲያተሩ ነው" አሉ መምህሩ ላባቸውን እየጠረጉ። "ፊት ለፊት ንፋሱን እየተጋፋ ወደ ኋላ ይጎትተናል። በር ተሸክሞ እንደ መሮጥ ነው።"

"አዎ፣ ራዲያተሩ ነው" አሉ ኦቦ ቶሎ ብለው።

"ራዲያተሩ መሆን አለበት" አለ ሳጥን ሠሪው መሬት መሬት እያየ።

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። ምን ልበል? "ራዲያተሩ ነው" አልኩ። በገዛ ልጄ ላይ መሰከርኩ፣ እናንተዬ!

መምህሩ ቀጠሉና "ደግሞም ከፍታ ስለሆነ የዚህ አገር አየር ቀጭን ነው" ሲሉ ኦቦ ከፋቸው። "አየራችን ምን ሆነ? ስንት ሰንጋ ያደለበ አየር ነው!" አሉ። "ያደለበ" የምትለዋ ቃል ካመለጠቻቸው በኋላ ግን ደንግጠው አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

በማግስቱ መምህሩ ሱቄ መጥተው ወለሉ ላይ በጠመኔ ሣሉልኝ። ራዲያተሩ ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር፣ ከወንበሩ ኋላ ይገባል።

"ንፋስ እንግዳ ነው፣ ልጄ" አሉኝ። "እየሮጠ የመጣን እንግዳ በሩ ላይ ከተጋፈጥሽው ይጣላሻል። ጠባብ በር ክፈቺለት፤ ከበሩ ወዲያ ቤቱ እየሰፋ ይሂድ። ሰፊ ሳሎን ሲያገኝ ሩጫውን ይተዋል። ያኔ ራዲያተሩን በእርጋታ ያልፋል፣ ሙቀቱንም ይቀበላል። ከዚያ እየጠበበ በሚሄድ የጓሮ በር ሸኚው። እየሮጠ ይወጣልሻል፤ ሲወጣም አይጎትተንም።"

"በልቶ ጠጥቶ፣ መርቆን ይሄዳል በሉኛ!"

"ፊዚክስ ማለት ይኸው ነው" አሉ።

እኔ ግን በጠመኔ አላምንም። "ይመዘን" አልኩ። ከልኳንዳ ቤት የሚንጠለጠል ሚዛን ተዋስን። ሳጥን ሠሪው የሚንሸራተት ሳንቃ ሠራልን፤ ራዲያተሩን ሳንቃው ላይ አቁመን፣ ከፊቱ በሚዛኑ አስረን፣ የአንድ ደንበኛዬ ሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ ጫንነው። ንፋሱ ራዲያተሩን ወደ ኋላ ሲገፋው ሚዛኑ ስንት ኪሎ እንደሆነ ይናገራል ማለት ነው። ቁጥሩን የሚያነብ ሰው ጣሪያ ላይ መተኛት ነበረበት። መምህሩ "እኔ ልውጣ" አሉ። ሁላችንም ፖርቶመጋላውን አየነው። "አይሆንም ጋሼ፣ እርስዎ መመዝገብ አለብዎት" አልኩና ሻሼን አጥብቄ ወጣሁ።

ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ ቁልቁል ስንወርድ ዓይኔ እንባ፣ ጥርሴ አቧራ ሆነ። መምህሩ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው "ስንት?" ይላሉ። "አራት ኪሎ!" እላለሁ ከላይ። "አልሰማሁም!" "አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!" መንገድ ዳር የቆሙ አንዲት እናት ታክሲ አገኘሁ ብለው ዘንቢላቸውን አንስተው ሲሮጡልን አየሁ።

ቀጥሎ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። እኔን ጣሪያው ላይ አየኝ፣ ራዲያተሩን አየ፣ የልኳንዳውን ሚዛን አየ።

"ምንድን ነው የጫናችሁት?"

መምህሩ ወርደው ኮታቸውን ቆለፉ። "ንፋስ እየመዘንን ነው፣ ልጄ።"

ፖሊሱ ቀረብ አለ። ፊታቸውን ሲያይ ጊዜ ሳያስበው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ለካ ተማሪያቸው ነበር። "ስንት ሆነ፣ ቲቸር?" አለ በመጨረሻ።

"አራት።"

"እሺ። ልጅቷ ግን ትውረድ" ብሎ ለቀቀን። ከመታጠፊያው እንዳለፍን ተመልሼ ወጣሁ።

በሁለተኛው ጉዞ ከዘይት ቆርቆሮ የበየድኩለትን ሳሎን አልብሰነው ሄድን። አንድ ኪሎ ከሩብ! እንደገና ደጋገምነው፤ አንድ ኪሎ ከሩብ! ዘልዬ ወርጄ መምህሩን ጥምጥም አልኩባቸው፤ እጆቼ ግን ከኋላ አልተገናኙም።

ከዚያ ወዲያ ራዲያተሩ ከሆዱ ሥር ገባ። የሙቀቱ ጌጅ የእኔ ኃላፊነት ስለሆነ፣ ሜዳው ላይ እየነዳሁ የምሞክረው እኔ ነበርኩ፤ መሪውንም ነዳጁንም መምህሩ አንድ በአንድ አስተምረውኛል። አንድ የኅዳር ጠዋት፣ እሳቸው ክፍል ሳሉ፣ ውሃው ይሞቅ እንደሆነ ልይ ብዬ ነዳጁን ጠበቅ አድርጌ ሰጠሁት። የጎማዎቹ መንጫጫት ድንገት ጠፋ። ምን ተሰበረ ብዬ ዝቅ ብዬ ሳይ የምነዳበት መሬት ከእኔ ጋር አልነበረም። ደንግጬ ነዳጁን ለቀቅኩት፤ ዱብ አልኩ።

ኦቦ ከድርቆሽ ክምሩ ሥር ተነስተው መጡ። "ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ተነሳሽ።"

"አልተነሳሁም።"

"ተነሳሽ እንጂ! በጎማውና በመሬቱ መሃል ብርሃን አየሁ።"

"ኦቦ፣ በማርያም አትንገሯቸው።"

 ራዲያተሩ አልበደለም። አውሮፕላኑም አልበደለም። ኦቦ ሳር እያኘኩ "በሬ ያቃተውን ጭነት፣ ቀንበር ብትቀያይሪለት ምን ይሆናል?" አሉ።

"ታዲያ አንቱ ንገሯቸዋ!"

"እኔ? ቤቴ ገብቶ እህሌን የቀመሰ ሰው፣ 'ወፍረሃል' ልበለው? ያ ረቢ!"

ሰበታ ድረስ ሄጄ ባለቤታቸውን ለመንኩ። "አንቺ ነግረሽው ቡራዩ ትገቢያለሽ፤ አብሬው የምኖረው እኔ ነኝ" አሉኝ። "ደግሞ የገና ጾም ገብቷል፣ ትንሽ ይቀንስ ይሆናል።" ጾሙም ከዳን። ሴትዮዋ ጾም ጎዳው እያሉ ሽሮውንም፣ ሱፍ ፍትፍቱንም፣ ዳቦውንም እጥፍ ያቀርባሉ፤ በታኅሣሥ የመምህሩ ቀበቶ አንድ ቀዳዳ ወደ ውጭ ሄደ። ሳጥን ሠሪውን "አንተ እንኳ ተናገር፣ የሰው ልክ ሙያህ አይደል?" ብለው "ሙያዬ ስለሆነ ነው የማልናገረው። የሰውን ልክ በቁሙ መናገር በእኛ ቤት ነውር ነው" አለኝ።

ምን ላድርግ? በድብቅ ማቅለል ጀመርኩ። የወንበሩን ስፖንጅ ግማሹን ቆረጥኩ፣ ነዳጁን ለአንድ ሁለት ሩጫ የሚበቃ ያህል ብቻ አስቀረሁ። "ወንበሩ ዝቅ አለሳ?" ይላሉ መምህሩ። "ረግቦ ነው ጋሼ።" እሳቸው ሞክረው ባልተነሱ ቁጥር ደግሞ "ራዲያተሩ ነው" ተብሎ ሁለት ጣት ወደ ኋላ ይገፋል፣ በሩ ይጠባል፣ ጓሮው ይሰፋል። ምስኪኑ ራዲያተሬ እንደ ቡራዩ ተከራይ ዕቃውን ሲያዘዋውር ከረመ።

የገና ዋዜማ ደረሰ። ሱሉልታ በዚያ ወቅት ብርዱ አይጣል ነው፤ ሳሩ ላይ አመዳይ ተጋግሯል። ሞተሩ እንዲሞቅ ሹፌሮቹ እንደሚያደርጉት የፓስታ ካርቶን የሳሎኑ በር ላይ ወተፍኩ። መምህሩ አዲስ ሹራብ ለብሰው፣ እንደሚቆርብ ሰው ዝም ብለው ሲገቡ አየኋቸው። የመጨረሻ ቀናቸው ነው። እንደማይነሱ አውቃለሁ። ራዲያተሩን እንዳይወቅሱ ደግሞ ሚዛን መስክሮለታል፣ የሚገፋበት ቦታም አልቋል። ሰበብ ካለቀ እውነቱ ብቻውን ሜዳ ላይ ሊቆም ነው፤ ያ ሰው ሲያየው ማየት አልቻልኩም። ስለዚህ ልናገረው፤ ካርቶኑን ሆን ብዬ ተውኩት። በእጄ የሠራሁትን፣ የምኮራበትን ራዲያተር፣ ለእሳቸው ስል ላዋርደው ቆረጥኩ።

አውሮፕላኑ ሮጠ። ሜዳውን ከእኩሌታ በላይ እንዳለፈ ከሆዱ ሥር ነጭ እንፋሎት ተንቦለቦለ። መምህሩ አጥፍተው ወረዱ፤ ሁላችንም ሮጥን። እንደ ምንም ተንበርክከው እጃቸውን ሰደዱና የራሰውን ካርቶን አወጡ።

"ረሳሁት ጋሼ! የእኔ ጥፋት ነው! ራዲያተሩ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

ካርቶኑን አገላብጠው አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። "አንቺ ራዲያተር ላይ የምትረሺ ልጅ አይደለሽም" አሉ ቀስ ብለው። "ለእኔ ብለሽ ነው እንግዳውን በር ላይ የዘጋሽበት?"

አለቀስኩ።

"መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ ነኝ" አሉ መምህሩ።

ኦቦ ሰማይ ሰማይ አዩ። ሳጥን ሠሪው የሌለ ብሎን ፍለጋ ጎንበስ አለ።

"ሒሳቡን የሠራሁት ገና ድሮ ነው። መጀመሪያ ከስልሳ ኪሎ በላይ አያነሳም ነበር። ራዲያተሩን ከሆዱ ሥር ስናስገባው ሰማንያ ደረሰ። ያንቺ ሥራ ሃያ ኪሎ ሰጥቶናል። የቀረው ሠላሳ ሁለት የእኔው ነው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉን?"

"እናንተ ያን ያህል ስትደክሙ በምን አፌ? ሰዉ ሁሉ 'ራዲያተሩ ነው' ሲል አፈርኳ! ደግሞ በጾሙ እቀንሳለሁ ብዬ ነበር።"

እሳቸው እኛን እንዳይከፋን፣ እኛ እሳቸውን እንዳይከፋቸው፣ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ምስኪን ራዲያተር ስንወቅስ ከርመናል! መጀመሪያ የኦቦ ትከሻ ከጋቢው ሥር ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከዚያ ሳጥን ሠሪው ፈነዳ። መምህሩ ራሳቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳር ላይ ተቀመጡ። ከሳቃችን ብዛት ላሟ በዚያን ቀን ቀና ብላ አየችን።

ሳቁ ሲበርድ መምህሩ አውሮፕላኑን አተኩረው አዩት። "አንቺ ስንት ኪሎ ነሽ?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ የእርስዎ ነው…"

"ስንት ነሽ ነው ያልኩት። ጥያቄ ነው የጠየቅኩሽ።"

"አርባ ስምንት።"

"ውሃ ሙዪና ግቢ።" ኮታቸውን አውልቀው አለበሱኝ፤ ሁለት ጊዜ ዞረኝ። ሲቆልፉልኝ አንዱን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ሳቱት፤ እኔም እንዳላየሁ መሰልኩ።

ፀሐይ ወጥታ አመዳዩ ቀልጧል፣ ሜዳው እርጥብ ድርቆሽ ይሸታል። ጎማዎቹ ተንጫጩ፣ ተንጫጩ፣ ከዚያ ዝም አሉ። በዚህ ጊዜ ነዳጁን አልለቀቅኩም። የድርቆሹ ክምር ከጎኔ አለፈ። ዞር ስል መምህሩ በዚያ ሰውነታቸው እጃቸውን እያወናጨፉ ከኋላዬ ይሮጣሉ። ሞተሩ አያሰማኝም፣ አፋቸውን ግን አነበብኩት። "ሙቀቱ ስንት ነው?" ይላሉ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እየበረርኩ፣ ሰውዬው የሚጠይቁኝ ጌጅ ነው! አየሁት። ሃምሳ ላይ ቆሟል፣ ንቅንቅ አላለም። እጄን አውጥቼ አውለበለብኩላቸው። የአንድ ረጅም ሰው ቁመት ያህል ከፍ ብዬ፣ ከክምሩ ሜዳው ዳር እስካለው ጅረት፣ በቃ ይኸው ነው የበረርኩት። ሳርፍ ሦስት ጊዜ ነጥሬ የግራው ጎማ ተጣመመ።

እያለከለኩ ደረሱ። እኔን አላቀፉኝም። መጀመሪያ ተንበርክከው ትኩሳት እንዳለበት ልጅ ራዲያተሩን በመዳፋቸው ዳሰሱት። "ለብ ብሏል" አሉ። "ለብ ብቻ!" እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ።

ቆይተው ሳሩ ላይ አጠገቤ ተቀመጡና "ከላይ ምን ይመስላል?" አሉኝ።

"ኦቦ ትንሽዬ ነበሩ። ላሟም ትንሽዬ ነበረች።"

"እኔስ?"

"እርስዎም ትንሽ ነበሩ ጋሼ" አልኳቸው። እንደዚያ ያስደሰትኩት ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም።

ከገና ማግስት ግንቡ መጣ። ክንፎቹን ነቅለን ሱቄ ጣሪያ ሥር ሰቀልናቸው፤ ራዲያተሩ አሁንም ከነሳሎኑ እዚያው ነው፣ ለማንም አልሸጥኩትም። መምህሩ ሰበታ ማስተማራቸውን ቀጠሉ። ንፋስ እንግዳ መሆኑን ያልተማረ የሰበታ ልጅ የለም፤ "ሱሉልታ ላይ አንዲት ተማሪዬ በርራለች" እያሉ ይጨርሱ ነበር አሉ፤ ተማሪያቸው ሆኜ ባላውቅም።

አምና አረፉ። ሳጥን ሠሪው ጎረቤቴ አርጅቷል፤ ሥራውን ለልጁ አልሰጠም፣ ራሱ ሠራው። ልካቸውን ማንንም አልጠየቀም። ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ነው። ተማሪዎቻቸው ተሰባስበው፣ ያ ትራፊክ ፖሊስም መሃላቸው ሆኖ፣ እየተቀባበሉ ተሸከሟቸው። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ሆኜ አያለሁ። አንድ ክንድ ያህል ከመሬት መነሳት ነበር የለመኑት፤ ከሰው ትከሻ ላይ ሆነው ሄዱ። የወንዶቹ ላብ ይንጠባጠባል፣ ትከሻ ለትከሻ ይቀያየራሉ። ያን ሁሉ ዳገት ሲወጡ አንድ ሰው እንኳ ከበደኝ አላለም።